የቀዳም ሹር ጠርሙስ

ወንድሜ ታፋ የሞተው ሚያዝያ 4 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን የማውቀው ከአልጋው ትይዩ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰዓት ስለ ነበረ ነው። ታፋን ማየት ሲያቅተኝ እሱን አይ ነበር።

ታፋ የከተማችን የኡኬ አናጢ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ የእሱ እጅ ያልነካው በርና መስኮት ጥቂት ነው፤ የጸሎት ቤታችንን አግዳሚ ወንበሮች የሠራውም እሱ ነው። ወደ አንገር ቆላ ወርዶ እንጨት ሲያስቆርጥ ሰንብቶ በሕማማት ሳምንት ተመለሰ፤ ሐሙስ ዕለት ተቅማጥ ጣለው። አርብ ዓይኖቹ ጎደጎዱ። ቅዳሜ ጠዋት እኔ፣ ሕፃኗን ያዘለች ሚስቱ ድርቤና ታላቅ ወንድማችን ዋጋሪ የእህል ጭነት መኪና ላይ አስተኝተን ነቀምቴ አደረስነው።

የጤና ጣቢያውን ስም አልጽፍም። ዛሬም የሚሠሩበት ሰዎች አሉ። ዶክተሩ ለበዓል አዲስ አበባ ሄዷል፤ ተረኛው ገቢሳ የሚባል ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበር። ገቢሳ የታፋን ቆዳ በጣቱ ቆንጥጦ ለቀቀና «ገላው ውስጥ ውሃ የለም፤ በደም ሥር ነው የምንሰጠው» አለ። ከጣቱ ጥቂት ደም ወስዶ ለወባ ምርመራ አስቀመጠ። ከዚያ ከላቦራቶሪው መደርደሪያ አንድ ጠርሙስ አውርዶ ሰቀለለት። እኛ በአገራችን የሚሰቀለውን ሁሉ ግሉኮስ ነው የምንለው። ግሉኮስ ተሰካለት ብለን ደስ አለን።

ጠርሙሱ ሲጋመስ ታፋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ደራርቱ፣ ጀርባዬ» አለኝ። ገቢሳ ብርድ መስሎት ብርድ ልብስ ደረበለት። ጠርሙሱ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሸናው ሽንት የወይን ጠጅ ይመስል ነበር። ገቢሳ ያን አይቶ ፊቱ ተለወጠና በብልቃጥ አስቀመጠው። እኛ አልጋውን ከበን «ማል ጎና፣ ማል ጎና» እንላለን። ምን እናድርግ ማለት ነው። ያን ቀን ከእሱ ሌላ ያልነው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ታፋ እንዳረፈ ዋጋሪ የድርቤን ዘንቢል ገለበጠው። ከልጇ ጨርቅ መካከል አንዲት ትንሽ ቅል ወጣች። ውስጧ የጠቆረ፣ የሚመር ሽታ ያለው ውሃ ነበረባት።

«ይህ ምንድን ነው?» አላት።

ድርቤ ልጇን አቅፋ ወደ ታፋ አልጋ ዞረች። ዋጋሪ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ፤ ማታውኑ ድርቤን ከነሕፃኗ ወሰዷት።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደሉን ያሳየኝ ታፋ ነው፣ በአናጢ እርሳስ ሳንቃ ላይ እየጻፈ፤ የቀረውን በራሴ ነው የተማርኩት። ከዚህ በታች እኔ ያልነበርኩበትን የጻፍኩት የነበሩትን አንድ በአንድ ጠይቄ ነው።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት የመቶ አለቃ ሞረዳ መጣ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። አንድ ልማድ ነበረው። ሰውን በአማርኛ ይጠይቅና መልሱን ይሰማል፤ ከዚያ ያንኑ ጥያቄ በኦሮምኛ ይጠይቃል። ሁለቱ መልሶች ከተለያዩ ምንም ሳይናገር ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዝምታውን የሚችል ሰው አላየሁም።

መጀመሪያ ሬሳውን አየ። ቀጥሎ ጠርሙሱን። ጠርሙሱ እንደተሰቀለ ነበር፤ ከታቹ ጥቂት ጠብታ ቀርቶታል፣ አንገቱ ላይ መጠውለግ የጀመረ ቄጠማ ታስሮበታል። ሞረዳ ቄጠማውን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ተወው።

«ይህን ማን ሰቀለ?»

«እኔ» አለ ገቢሳ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከላቦራቶሪ። ከውጭ የሚመጣው በጾሙ መካከል አልቋል፤ ተቅማጥ በዝቶ ነበር። እዚሁ የሚሠራው የጨው ውሃ ነው።»

«ማን ይሠራዋል?»

«ተረፈ፣ የላቦራቶሪው ሠራተኛ። አርብ ጠዋት አራት ጠርሙስ ሠርቶ ሄደ። አሁን በዓል ላይ ነው።»

«አርብ ደህና ነበር?»

ገቢሳ ትንሽ አሰበ። «ደክሞት ነበር። አንድ ሕፃን እየተንቀጠቀጠ መጥቶብኝ ደሙን እንዲያይልኝ ከሥራው ላይ ጠራሁት። አይቶልኝ ሲወጣ ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁት። ውሃ ብሰጠው እምቢ አለ።»

ሞረዳ ያንኑ በኦሮምኛ ጠየቀው። ያንኑ መለሰ።

ዋጋሪ ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር ለምዷል። «ኦቦ ሞረዳ፣ እርስዎም የአገር ልጅ ነዎት። ግሉኮስ የገደለው ሰው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«መርዝ የገደለውስ?»

«እሱን አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ምን ይጠበቃል? ቅሏ እጅዎ ላይ ናት። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ኮብልላ ወደ አባቷ ቤት የሄደች ናት። ሁለቱንም ጊዜ ለምኖ ያመጣት ይኸው ተኝቷል።»

«ኦቦ ዋጋሪ፣ ወንድምዎ መንቀጥቀጥ የጀመረው መቼ ነው?»

«ግሉኮሱ ላይ እያለ።»

«አመሰግናለሁ» አለና ሞረዳ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ።

በመስኮቱ በኩል ብርሃን ይገባል። ጠረጴዛው ላይ አንድ የነሐስ ሚዛን አለ፤ በአንዱ ሳህን ትናንሽ የሚዛን ብረቶች፣ በሌላው የታጠፈ ወረቀት ተቀምጦበታል፤ መርፌው መካከል ላይ ቆሟል። መደርደሪያው ላይ ሦስት ጠርሙሶች አሉ፤ ሦስቱም አንገታቸው ላይ ቄጠማ ታስሮባቸዋል። ሞረዳ አንድም ነገር ሳይነካ ወጣና በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

ከሰዓት በኋላ ድርቤን ጠራት። ሕፃኗ ጡት ላይ ነበረች።

«ባልሽን ምን አጠጣሽው?»

«ውሃ ነው ጌታዬ።»

በኦሮምኛ ጠየቃት። ዝም አለች። እሱም ዝም አለ። ሕፃኗ ጡቱን ለቃ ወደ እሱ ዞራ አየችው።

«የሥር ውሃ ነው» አለች በመጨረሻ፣ በኦሮምኛ። «ኡኬ ያለች አሮጊት ናት የሰጠችኝ። ለተቅማጥ።»

«ለምን ደበቅሽ?»

«የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ሥር ቆራጭ ቤት የሄደን ከጉባኤው ያግዳሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዋጋሪ ነው። የሚያግደኝ እሱ ነው።»

«መቼ ሰጠሽው?»

«አርብ ጠዋት። እኔም ሆዴን ስላመመኝ ግማሹን ጠጣሁ። ቅዳሜ አንዲት ጉንጭ አልሰጠሁትም፤ የተረፈውን ይዤ የመጣሁት ካስፈለገ ብዬ ነው።»

«ሽንትሽ ቀልቶ ነበር?»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«መልሺልኝ፣ እህቴ።»

«አልቀላም።»

ሞረዳ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ጠራችው።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ።»

«ልሄድ እችላለሁ?»

አለቃውን ጠይቆ ተመለሰ። አልተፈቀደም። ሰኞ ታፋን ኡኬ ስንቀብር ሚስቱ እስር ቤት ነበረች። ዋጋሪ በቀብሩ ላይ ቆሞ የሰው እጅ ወንድሜን ነጠቀኝ አለ፤ የማንን እጅ እንደሚል ሁሉም ገባው።

ማክሰኞ ከበዓል የተመለሰችው የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ሸዋጌጥ ላቦራቶሪው ተከፍቶላት ለአዳዲሶቹ የድሬሰር ተማሪዎች የመጀመሪያውን ትምህርት ሰጠች። ሞረዳ ከኋላ ወንበር ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጠ። ከሚዛኑና ከመደርደሪያው ማንም እንዳይደርስ አስጠንቅቋል።

«እዚህ ቤት አይበላም» አለች ሲስተር። «አይጠጣም። እርሳስ አፍ ውስጥ አይከተትም። ስትገቡም ስትወጡም እጃችሁን በሳሙና ትታጠባላችሁ። በዓይናችሁ የማታዩት ነገር በጣታችሁ ወደ ቤታችሁ ይሄዳል፤ ልጃችሁን ሲያስለው ጎረቤት አስነጠሰበት ትላላችሁ። ያልተጻፈበት ጠርሙስ ካገኛችሁ ውሃ ነው ብላችሁ አታስቡ። መርዝ ነው ብላችሁ አስቡ።»

ተማሪዎቹ ወጡ። ሞረዳ ገቢሳ ያስቀመጠውን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ደም ነው?»

«ደም ከሆነ ደሙን እናየዋለን» አለችና አንድ ጠብታ ስላይድ የሚሉት ስስ መስታወት ላይ አድርጋ ማይክሮስኮፑ ሥር ከተተችው። ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ለእሱ ለቀቀችለት።

«ምንም አይታየኝም» አለ።

«ለእኔም። ደም የፈሰሰበት ሽንት ቢሆን ኖሮ ክብ ክብ ቀይ የደም ሕዋሶች ይታዩ ነበር። እዚህ ቀለሙ አለ፣ ሕዋሶቹ የሉም። ደም ሥሩ ውስጥ እያሉ ፈንድተዋል ማለት ነው፤ ቀለማቸው ነው በሽንት የወጣው።»

«ምን ያፈነዳቸዋል?»

«ወባ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል።» ገቢሳ ቅዳሜ ከጣቱ የወሰደውን የታፋን ደም አምጥታ አየች። «ወባ የለበትም። ግን አንዳንዴ ተደብቆ ይቀራል፤ በዚህ ብቻ አልምልም።»

«ሥር የሚቆርጡ ሰዎች የሚሰጡትስ?»

«አንዳንዱ ሊያደርግ ይችላል።»

«ሁለት ሰው እኩል ጠጥቶ በአንዱ ብቻ? ያውም ከጠጣ በማግስቱ?»

ራሷን ነቀነቀች። «ያ ይከብዳል።»

«ሌላስ?»

ሲስተር ሸዋጌጥ እጇን በጋዋኗ ጠረገች። «ውሃ» አለች።

«ውሃ?»

«በእንፋሎት የተጣራ፣ ጨው የሌለበት ውሃ። ደረቅ ባቄላ ነክረው ያውቃሉ? ያብጣል። ጎመን ላይ ጨው ሲነሰንሱ ደግሞ ውሃውን አውጥቶ ይጠወልጋል። ውሃ ሁልጊዜ ጨው ወደ በዛበት ወገን ይሄዳል፣ ስስ ግድግዳም ቢኖር አልፎ ይገባል። ኦስሞሲስ እንለዋለን። የደም ሕዋስ ውስጡ ጨው አለ፤ ግድግዳው ከሽንኩርት ልባስ የሳሳ ነው። ዙሪያው ያለው ፈሳሽ በልክ ጨው ካለበት ሕዋሱ እንደነበረ ይቆያል። ጨው የሌለው ውሃ ከከበበው ግን ውሃው ይገባበታል፣ ይገባበታል፣ ያብጣል፣ ይፈነዳል።»

ሞረዳ በጨርቅ የጠቀለለውን የታፋን ጠርሙስ አወጣ። ከታቹ የቀረውን ጠብታ በትንሽ ጣቱ ነክቶ ወደ አፉ ሲወስድ ሲስተር እጁን ያዘችው።

«መቶ አለቃ፣ አሁን ለልጆቹ ምን አልኩ?»

«ጨው እንዳለው ለማወቅ ነው።»

«ምላስ መሣሪያ አይደለም። ይህ ጠርሙስ የማን ክንድ ላይ ተሰክቶ እንደነበር ረሱት?»

ሁለት ስላይድ አዘጋጀች። በአንዱ ራሷ የበጠበጠችውን የጨው ውሃ ጠብታ፣ በሌላው ከጠርሙሱ የቀረውን አድርጋ በአልኮል መብራቱ ላይ ቀስ ብላ አደረቀቻቸው። የመጀመሪያው ነጭ ቀለበት ጥሎ ቀረ። የሁለተኛው መስታወት እንደታጠበ ጠራ። ከመደርደሪያው ሦስት ጠርሙሶችም እንዲሁ ሞከረች። ሦስቱም ምንም አልተዉም።

ሲስተር ሸዋጌጥ ተቀመጠች።

«የእኛ ጠርሙስ ነው» አለች። ቆይታ ደግሞ «ይህ ከተሰማ ማንም ልጁን እዚህ አያመጣም። ሌላ የሚወስዱበት ቦታ ደግሞ የላቸውም» አለች።

«አንዲት እናት ከሕፃን ጋር ታስራለች።»

«አውቃለሁ። አይጻፉት አላልኩም።»

ሞረዳ ወደ ግቢው ወጣ። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለቴ የአንሶላ ውሃ ስትደፋ አገኛት። የጉራጌ አገር ሰው ናት፤ ባሏ ገበያው ውስጥ ሱቅ አለው። እሷ ግን ከቤት መቀመጥ ሰልችቷት ከሕመምተኛ ጋር መዋል መረጠች ይባላል።

«እትዬ ወለቴ፣ ጠርሙሶቹ ላይ ቄጠማ ያሰረው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ። ቀዳም ሹር ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተቀብዬ መጣሁ። ለራሴ አሰርኩ፣ ለበሩ አሰርኩ፣ ለአልጋዎቹ አሰርኩ። ገቢሳ የጸሎት ቤት ሰው ነው፣ በዓሉን እንጂ ቄጠማውን አያውቅበትም፤ አልጋው ላይ ሣር ማን ጣለ ብሎ ተቆጣኝ። እኔም ያንተ ጌታ ሲነሣ አላማረህም እንዴ አልኩት።»

«ጠርሙሶቹስ?»

«ሰው ገላ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደል? በረከት ያግኘው አልኩ።»

«ከዚያ በፊት ማሰሪያ ነበራቸው?»

«እነዚህ አልነበራቸውም። ተረፈ ሳይቀምስ አያስርም።»

ሞረዳ ዝም አለ። ወለቴ ባልዲዋን አስቀመጠች።

«ለሲስተር እንዳይነግሩብኝ። እንደ ወጥ ነው የሚቀምሰው። መዳፉ ላይ ጠብ ያደርግና ምላሱን ያስነካል። ከዚያ ‘ወለቴ፣ ጨው በዛበት?’ ይለኛል፣ ሊያስቀኝ። ሂድ ወዲያ እለዋለሁ። ደህና ከሆነ ያገኘውን ነገር አንገቱ ላይ ያስራል፤ ፋሻም ይሁን ክር ይሁን ቃጫ። ወረቀት ቢለጥፍበት እንፋሎቱ ያነሣዋል፤ ስንቴ ለጥፎ ስንቴ ተነሣ።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና ገቢሳ። ሲስተር ብታውቅ ታባርረዋለች።»

ረቡዕ ጠዋት ሁላችንም ላቦራቶሪው ውስጥ ተሰበሰብን። ድርቤን አንድ ፖሊስ ይዟት መጣ፤ ሕፃኗን አቅፋ በሩ አጠገብ ቆመች። ዋጋሪ ፊቱን አዙሮባት ተቀመጠ። እኔ በሁለቱ መካከል ነበርኩ። ገቢሳ፣ ወለቴና ሲስተር ሸዋጌጥ መስኮቱ ጋ ቆሙ። ተረፈ መጨረሻ ገባ። አጭር፣ ለስላሳ ፊት ያለው፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ነው፤ ከሸዋ ብቻውን የመጣ። የበዓል ልብሱን ለብሶ ነበር። ለሁላችንም እጅ ነሥቶ «እንኳን አደረሳችሁ» አለ። የመለሰለት የለም።

ሞረዳ ደሙ ከእኔ ይሁን ብሎ ክንዱን ለሲስተር ሰጠ። ደሙን በሁለት የመስታወት ቱቦ ከፈለችው። በአንዱ ቱቦ ላይ የጨው ውሃ ጨመረች። በሌላው ላይ ከመደርደሪያው ጠርሙስ ጨመረች። የቀን መቁጠሪያ ቅጠል ቀደደችና ከቱቦዎቹ ኋላ ያዘችው።

«ኦቦ ዋጋሪ፣ እባክዎ ያንብቡልን» አለ ሞረዳ።

ዋጋሪ ጎንበስ አለ። «በዚህኛው ምንም አይታይም። ደፍርሷል።»

«በሌላውስ?»

«ሚያዝያ ይላል።»

ሞረዳ ቱቦዎቹን አሳየው። «የደፈረሰው ደሙ በሕይወት ስላለ ነው። ጠርቶ የሚያስነብበው ሕዋሶቹ ስለ ፈነዱ ነው። የወንድምዎ ሽንትም እንደዚህ ነበር፤ ቀይ፣ ግን አንድም ሕዋስ የሌለበት። ቅዳሜ ደም ሥሩ ውስጥ የገባው ጨው የሌለበት ውሃ ነው። ይህ አንድ።»

«ቅሏስ?»

«ከቅሏ አርብ ጠዋት ሁለቱም ጠጥተዋል። እሷ ቆማለች። እሱም እስከ ቅዳሜ ድረስ ሽንቱ አልቀላም። አልጋው ላይ ሲተኛ አልተንቀጠቀጠም፤ የተንቀጠቀጠው ጠርሙሱ ከተሰቀለለት በኋላ ነው። ይህን ለእኔ የነገሩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

ዋጋሪ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አሁን ጨው ለምን ጠፋ ወደሚለው እንምጣ» አለ ሞረዳና ወደ ሚዛኑ ሄደ። «ከእሑድ ጀምሮ ማንም አልነካውም። ተረፈ፣ በዚህ ወረቀት ውስጥ ምን አለ?»

ተረፈ ወደ ሚዛኑ ተጠጋ። አየው። እጁን ዘረጋና መለሰው።

«ጨው ነው» አለ። «ለአራቱ የመዘንኩት።»

ተረፈ ወረቀቱን ማየቱን አልተወም። ጨው እርጥበት ስቦ ረግቶ ነበር።

«አርብ ስትመዝን ገቢሳ ጠራህ» አለ ሞረዳ፣ ዝግ ብሎ። «ሄድክ። ስትመለስ ውሃው ፈልቷል። የጨመርክ መስሎህ ወደ ጠርሙሶቹ ቀዳህ፣ ከደንህ፣ በእንፋሎት ቀቀልክ።»

«ጨምሬ ነበር የመሰለኝ። ራሴን ያዞረኝ ነበር።»

«ሁልጊዜ ትቀምሳለህ።»

ተረፈ ሲስተርን አየ። እሷ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«እቀምሳለሁ። በጾሙ ወራት ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስቀምጬ ስፈታ ነው የምቀምሰው።»

«አርብስ?»

«አክፍሎት ይዤ ነበር። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ውሃ በአፌ አልዞረም። ሳልቀምስ ለብቻ አኖርኳቸው። አላሰርኩባቸውም። ያልታሰረ ማንም አይወስድም፤ ገቢሳ ያውቃል።»

«አውቃለሁ» አለ ገቢሳ። «ግን ታስሮ ነበር።»

«በምን?»

«በሣር። አንዴ በፋሻ፣ አንዴ በቃጫ ታስራለህ። አሁን ሣር አገኘ አልኩ። ሰውየው እየሞተ ነበር፤ ምን ዓይነት ሣር ነው ብዬ አላየሁም።»

ወለቴ ራሷ ላይ ያለውን ሻሽ ጎትታ አፏን ያዘች። «እኔ ለበረከት ነው» አለች። «እኔ ለበረከት ነው ያሰርኩት።» ሰው ሁሉ ሰምቷታል፤ ግን ደጋገመችው።

«እኔ ደግሞ አትቅመሱ ብዬ ሳስተምር» አለች ሲስተር ወደ መስኮቱ እንደዞረች፣ «እዚህ ግድግዳ ሥር በምላስ እንደሚሠራ አላወቅኩም። አንድ ጠብታ አድርቀህ ብታይ ምን ነበረበት፣ ተረፈ?»

«ምላሴ ተሳስቶ አያውቅም፣ ሲስተር።»

ዋጋሪ ብድግ አለ። «እና ወንድሜን የገደለው ማነው? አንድ ስም ስጡኝ።»

«አለቃዬም አንድ ስም ነው የፈለገው» አለ ሞረዳ። «አንዱ ጨው ረሳ። አንዷ ቄጠማ አሰረች። አንዱ የታሰረውን አምኖ ሰቀለ። ሊገድለው የፈለገ ግን የለም። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ያን ቀን ሌላ ነገር ቢያደርግ ኖሮ ዛሬ ታፋ ኡኬ እንጨት ይልግ ነበር። ሕጉ የሚጠይቀው ጨው መጨመር ሥራው የነበረውን ነው።»

«ውሃ ሰው አይገድልም» አለ ዋጋሪ። «ዕድሜዬን ውሃ ስጠጣ ነው የኖርኩት።» ቱቦውን አንድ ጊዜ ደግሞ አየውና ቆቡን አንሥቶ ወጣ።

ተረፈ ወደ ድርቤ ዞረ። አንገቱን ደፍቶ እጅ ነሣት። ድርቤ እሱን አላየችም። ሞረዳን ነው የጠየቀችው።

«ልሂድ?»

«ሂጂ። ነፃ ነሽ።»

ፖሊሱ ከበሩ ላይ ገለል አለላት። ወጣችና ደጁ ላይ ቆመች። ተከትያት ስወጣ ወደ ገበያው በኩል ታያለች፣ ወደ ኡኬ መንገድ ታያለች፣ ደግሞ ወደ ገበያው። «ደራርቱ፣ ወዴት?» አለችኝ።

ኡኬ ወሰድኳት። ሰው ለቅሶ ይደርሳል፤ ያቀረበችውን ግን ማንም አያነሣም። ሴቶቹ ሳህኑን ይቀበሏትና ሳይነኩ ወንበሩ ሥር ያኖሩታል። ቤት ለቤት ዞሬ የሞረዳን ነገር አስረዳሁ። የባቄላውን ነገርኳቸው፣ የጎመኑን ነገርኳቸው። «ልክ ነሽ» ይሉኛል። በማግስቱም ሳህኑ ወንበር ሥር ነው። አንዲት ጎረቤታችን ልጇ ከድርቤ እጅ ቂጣ ሲቀበል አይታ ከአፉ አወጣችበት። ድርቤ ያን አየች። ክረምቱ ሳይገባ ልጇን ይዛ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ በሚባለው ሠፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ጥጥ እየፈተለች ትኖር ጀመር።

ገቢሳና ወለቴ ላይ ክስ አልተመሠረተም። ተረፈ በቸልተኝነት ሰው እንዲሞት አድርጓል ተብሎ ስድስት ወር ተፈረደበት፤ ይግባኝ አላለም። ነቀምቴ ውስጥ ስንቅ የሚያቀብለው ዘመድ አልነበረውም። ስድስቱንም ወር ምግቡን እየሠራች እስር ቤቱ በር ድረስ ያመላለሰችለት ድርቤ ናት፤ ሳህኑ ባዶውን ይመለስላት ነበር።